ያልባረክነው የድንጋይ ካባ

አትላንታ፣ ማርች 2008

ለተከበሩ የካውንቲያችን የመሬት አጠቃቀም ቦርድ ሰብሳቢ፦

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ፎቶግራፋቸው በአዳራሹ መግቢያ ላይ የተሰቀለው የቦርዱ አባላት በሙሉ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁ ይብዛ፣ ወንበራችሁ ይርጋ፣ የደጃችሁ ሣር ሳይጠወልግ ይክረም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ለማሳሰብ ተገድጃለሁ። ከላይ ያሰፈርኩት ሰላምታ ብቻ ነው። የድንጋይ ካባውን መስፋፋት መደገፍ አይደለም። በአገራችን ሰው ሰላም ሳይባል ወደ ጉዳይ ስለማይገባ ነው እንጂ፣ ቢቻለኝ ሰላምታውንም ባስቀረሁት ነበር። ለምን እንዲህ እንደምል ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

ስሜ ፀሐይነሽ ተገኝ ይባላል። ባለቤቴ አክሊሉ ወደ ጌታ ከሄደ ወዲህ ብቻዬን የምኖር፣ ቤቴ ከካባው በዚህ በኩል ረግረጉ ዳር ያለ ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት ለጥቂት ዓመታት ነው፤ የቀረውን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ በራሴ አነበብኩ። ስለዚህ ለቦርድዎ የቀረበውን የጥናት ሪፖርት፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤዋለሁ። ከቦርድዎ አባላት መካከል እንዲሁ ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ተዋውቄው ብንወያይ ደስ ይለኛል።

ይህ ደብዳቤ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ስለሚወጣ፣ ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ከመንደራችን በስተምዕራብ ለብዙ ዓመታት ድንጋይ ሲፈነዳበት የኖረ ካባ አለ። በካባውና በቤቶቻችን መካከል ፊላና ቄጠማ የበቀለበት፣ ዛፎቹ ውሃ ውስጥ የቆሙበት ረግረግ አለ። ኩባንያው ያለው ጉድጓድ ስላልበቃው ወደ ረግረጉ መስፋት ይፈልጋል። ውሃው በፓምፕ ይመጠጣል፣ አፈሩ ይነሣል፣ ከሥር ያለው ድንጋይ ጠጠር ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን በቦታው ምን የዱር እንስሳት እንደሚኖሩ፣ መሬቱም ረግረግ መሆን አለመሆኑ እንዲጠና ሕጉ ያዛል። ኩባንያው ራሱ በቀጠረው ባለሙያ ተጠንቷል። ጥናቱም የሚጠፋ ነገር የለም ብሏል። በመጪው ማክሰኞ እርስዎና ቦርድዎ ድምፅ ትሰጣላችሁ። ቅሬታዬን በቁጥር የማቀርበው ቢሮዎ ቁጥር ይወዳል ብለው ስለነገሩኝ ነው።

1. ስለ ድርቁ።

ጥናቱ የተካሄደው ባለፈው ኦገስት ነው። ያ ኦገስት ሁላችንም እንደምናስታውሰው ጆርጂያ በድርቅ የነደደችበት ነበር። ካውንቲው የጓሮ አትክልታችንን እንዳናጠጣ በየበራችን ማሳሰቢያ ለጥፎ ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ ብዙነሽ የዕቃ እጣቢ በባልዲ ይዛ ወደ ቃሪያዋ ስትሄድ የካውንቲው መኪና ብቅ ካለ፣ ባልዲውን በነጠላዋ ከልላ ሰማይ እንደምታይ ሆና ትቆም ነበር። እጣቢ አልተከለከለም ብላት፣ «አንቺ አንባቢ ነሽ፤ እነሱ ሲመጡ አንብቢላቸው» አለችኝ።

እንግዲህ በዚያው ወር የኩባንያው ባለሙያ ረግረጉ ዳር ቆሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ አየ፤ አይቶም «የቆመ ውሃ የለም፤ ረግረግ ለመባል አይበቃም» ብሎ ጻፈ። ቦርድዎም ይሁን ብሎ ተቀበለው። ስለዚህ በአንድ ወር፣ በአንድ ካውንቲ ውስጥ፣ ለእኔ ቲማቲም ድርቅ ነበረ። ለረግረጉ ግን ድርቅ አልነበረም፤ ተፈጥሮው ነው ተባለ። በዚህ ዓይነት ጥናት፣ በረመዳን በምሳ ሰዓት ወደ ጎረቤቴ ወደ ሀምዛ ቤት የገባ ባለሙያ፣ በዚህ ቤት ምግብ በልቶ የሚያውቅ ሰው የለም ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ድርቁን ለእኛ ያወጀና ከረግረጉ የሰወረ ካውንቲ ስለሰጡን ከልብ አመሰግናለሁ።

2. ስለ እንስሳቱ ቆጠራ።

ኩባንያው ድማሚት የሚያፈነዳባቸውን ቀኖች ቀደም ብሎ በፖስታ ያሳውቀናል፤ ለዚህ ጨዋነቱ እናመሰግነዋለን፤ ቢያንስ ብርጭቆዎቻችንን ከመደርደሪያ እናወርዳለን። በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው የጥናት ቀን ከእነዚሁ ቀኖች አንዱ ነው። ጠዋት ሳይረኑ ጮኸ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ አቧራው ወረደ፤ ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ሊቆጥር መጣ። ያገኘውም ዛፍ ለዛፍ የሚዘል አንድ ስኩዊረል፣ አንድ ቁራና የውሻ ዱካ ነው። ውሻው የወይዘሮ ብዙነሽ ነው። ስኩዊረሉ ለምን እንዳልሸሸ አላውቅም፤ ምናልባት ጆሮው አይሰማም።

እኔ የእንስሳት ሊቅ አይደለሁም፤ ነኝም አላልኩም። ነገር ግን ይህን መንደር ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መስኮት መክፈት ይበቃል። ቤቱን በገዛንበት የመጀመሪያው ጸደይ ዝናብ ከዘነበ በኋላ አክሊሉ የጎረቤት ማሽን ተበላሽቶ የሚጮህ መስሎት በነጠላ ጫማ ወጥቶ መንደሩን ዞሮ ነበር። እንቁራሪቶቹ ናቸው ሲሉት አላመነም። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ቆዳቸው የረጠበ፣ እንሽላሊት የሚመስሉ ሳላማንደሮች መንገዱን አቋርጠው ወደ ውሃው ስለሚሄዱ፣ የመንደሩ ሰው መኪናውን ቀስ ብሎ ይነዳል። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ይህን የፖስታ አመላላሻችንም ያውቃል። የማያውቀው ለማወቅ ተከፍሎት የመጣው ሰው ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ቁጥር ላይ የተሰማኝን ስሜት በጨዋ ቃል ለማስቀመጥ ሞክሬ አልተሳካልኝም። አለማወቅ አያስጠላኝም፤ እኔም ብዙ የማላውቀው አለ። ላለማወቅ ቀን መምረጥ ግን ያስጸይፈኛል።

3. ስለ ጩኸታችን።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ሳንዲ ስፕሪንግስ ባለ ሆስፒታል የሌሊት ፅዳት ሠራተኛ ናቸው። ጎሕ ሲቀድ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ረግረጉ ዳር ቆመው ይጸልያሉ። ይህ የእሳቸው ብቻ ልማድ አይደለም። በአገራችን ተሰብስቦ መጸለይ በሚያሳስርበት ዘመን፣ ወንጌል የሚያምን ሰው ጫካ ገብቶ ነበር የሚጸልየው። ቤት ውስጥ ታፍኖ የከረመ ድምፅ ጫካ ሲገባ ከፍ ይላል፤ ከፍ እንዳለም ቀረ። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር በሹክሹክታ መጸለይ አያውቁበትም።

ሪፖርቱ ስለዚህ ምን እንደሚል ልጥቀስ፦ «ከካባው ጥበቃ በተገኘ መረጃ መሠረት በቦታው ማለዳ ማለዳ ምንነቱ ያልታወቀ ከፍተኛ የሰው ጩኸት ይሰማል፤ በመሆኑም ሥፍራው ቀድሞውኑ በሰው የተረበሸ ሲሆን ለዱር እንስሳት ያለው ዋጋ ዝቅተኛ ነው።»

ሪፖርቱን ደጋግሜ አገላብጬ ድማሚቱ እንደ ረብሻ የተቆጠረበትን ገጽ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ድንጋይ መፍጫውን ፈለግሁ፤ እሱም የለም። አውሬውን ያስደነገጠው፣ ወፉን ያባረረው፣ የተፈጥሮን ሰላም የነሣው ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ብቻ ናቸው። እንዲያውም እሳቸው ሲጸልዩ አንዲት ግራጫ ሽመላ እዚያው አጠገባቸው በአንድ እግሯ ትቆማለች። በጸሎቱ ትስማማ አትስማማ አላውቅም፤ ስትሸሽ ግን ያየ የለም። ምንነቱ ያልታወቀውን ጩኸት በተመለከተ፣ ከሚለመንባቸው ነገሮች አንዱ በሥልጣን ላይ ላሉ ሰዎች ማስተዋል እንዲሰጥ መሆኑን ለመረጃ ያህል እገልጻለሁ። እስካሁን መልስ አላገኘም።

4. ስለ ተቀበላችሁት ምርቃት።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ደርሻለሁ፤ እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ባለፈው ወር ቦርድዎ የነዋሪውን አስተያየት ለመስማት ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን መክሮ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር እንዲናገሩልን፣ እዚሁ አሜሪካ ሊልበርን ያደገው ኤልቃና ደግሞ እንዲያስተረጉምላቸው ወሰነ። ኤልቃና ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የኮምፒዩተር ሥራ የሚሠራ ጥሩ ልጅ ነው። ከጋሽ ገብረእግዚአብሔር ጋር ሁለት ቅዳሜ ተቀምጠው ተዘጋጁ። ስለ ድርቁ፣ ስለ ፍንዳታው ቀን፣ ስለ ሳላማንደሮቹ የሚባለው ሁሉ ተጠንቶ ነበር።

የረሳነው አንድ ነገር ነው። እኛ የለመድነው ሽማግሌ ሲናገር ሰዓት የማይታይበት አገር ነው፤ እናንተ ደግሞ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ትሰጣላችሁ። ኤልቃና ይህን ነግሯቸው ነበር። እሳቸውም ሦስት ደቂቃ ለመግቢያ ይበቃል ብለው መለሱ፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ አልቀለዱም ነበር።

ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። ቦርዱን ሰላም አሉ፤ ስለ ተቀበላችሁን አመሰገኑ። ኩባንያው ለብዙ አባቶች እንጀራ እንደሰጠ መሰከሩ፤ ክፉ ሊናገሩበት ስለመጡት ሰው አስቀድሞ መልካሙን መናገር ደንብ ነውና። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው ባረኩ። «እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ ወሰናችሁን ያስፋ» አሉ። ወሰናችሁን ያስፋ ማለት በእኛ ዘንድ ማንም ለማንም የሚለው መልካም ምኞት ነው፤ ለሙሽራም ይባላል፣ ሱቅ ለከፈተም ይባላል። ኤልቃና አንድ በአንድ ተረጎመው፤ የትርጉሙም ጊዜ ከዚያው ከሦስቱ ደቂቃ ላይ ታሰበ። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ነገር ግን» አሉ።

ቀዩ መብራት በራ።

ኤልቃና ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ታይም አልቋል፤ ቁጭ በሉ እያሉ ነው» አላቸው። እሳቸውም ጨዋ ሰው ናቸውና ቁጭ በሉ ሲባሉ፣ አመስግነው ቁጭ አሉ። ቦርድዎ አጨበጨበ። የኩባንያው ተወካይ ከወንበሯ ተነሥታ መጥታ እጃቸውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ታተመ። ስለ እኛ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ማኅበረሰብ ማስፋፊያውን ደግፏል፤ ባርኳልም።» ያ መስመር አሁን በኩባንያው ማመልከቻ መግቢያ ላይ፣ ከጥናቱ ቀጥሎ፣ እንደ ሁለተኛ ምስክር ሆኖ ሰፍሯል። አንደኛው ምስክር የሚጠፋ ነገር የለም ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቢጠፋም ደስ ብሎናል ይላል።

ኤልቃና ቢሮዎ ደወለ። ያነጋገረችው ሴት እጅግ ትሑት ነበረች። የገባ አስተያየት ሊጨመርበት ይችላል እንጂ እንደማይሰረዝ፣ የሚጨመርበት ቀን ደግሞ እንዳለፈ አስረዳችው። እንግዲህ በካውንቲያችን ውሃ ይቆረጣል፣ መብራት ይቆረጣል፣ ዛፍ ይቆረጣል፤ ምርቃት ግን ከገባ በኋላ ተመላሽ የለውም።

ይህን ለጋሽ ገብረእግዚአብሔር የነገረው ኤልቃና ነው፤ እሑድ ከጉባኤ በኋላ፣ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ፣ «እንግዲህ ባርኬላቸው ነው የመጣሁት?» አሉ።

ኤልቃና፣ «አይ ጋሼ፣ እነሱ ናቸው እንጂ...» ብሎ ጀመረ።

«ተወው ልጄ። አፌ ነው ያለው» አሉት።

መጀመሪያ ላይ ወጣቶቹ ነገሩን ቀልድ አድርገውት ነበር። አንዷ፣ ለነርስነት ፈተናዋ እንዳይጸልዩላት፣ ጸሎቱን ኩባንያው እንደሚወስደው ነገረቻቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሰንበቱ ሲደጋገም ግን መሳቁ ቀረ። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ከዚያ ወዲህ ረግረጉ ዳር አልቆሙም። መኪናቸውን ከሥራ መልስ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ይነዳሉ። ሕፃን እንዲባርኩ ሲጠሩ፣ ሌላ ሰው ይባርክ ብለው ወደ ኋላ ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲባርኩ የኖሩ ሰው፣ ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል ማን ወስዶ ምን ላይ እንደሚለጥፈው ስላላወቁ፣ አፋቸውን ዘጉ። በእስር ያልተዘጋ አፍ በቃለ ጉባኤ ተዘጋ። ሥፍራው ቀድሞ በጩኸት የተረበሸ ነው ላለው ባለሙያ የምሥራች ይድረሰው፤ አሁን ጸጥ ብሏል።

ይህን የምጽፈው እየተጸየፍኩ ነው። እናንተ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁ አንድ ሽማግሌ ወደ ጉዳዩ ለመግባት በሩን ሲያንኳኳ ሰማችሁ፤ ማንኳኳቱን ቆጠራችሁ፤ በሩን ዘጋችሁ። ከዚያም ደስ ብሎት ነው የሄደው ብላችሁ ጻፋችሁ። አለመግባባት ነው አይበሉኝ። «ነገር ግን» የሚለውን ቃል ኤልቃና ተርጉሞት ነበር፤ በማይክሮፎን ነው የተረጎመው፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

እኔም በዚያ አዳራሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ስሜ ተናጋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር። ሲጠራ አልተነሣሁም። በእኔ ዝምታ የጠፋ ነገር ከዚህ ቀደምም አለ፤ እሱ በእኔና በጌታዬ መካከል የሚታይ ጉዳይ ስለሆነ ለመዝገባችሁ አላቀርበውም። ዛሬ ግን እጽፋለሁ።

5. ስለ ምትኩ።

ኩባንያው ረግረጉ ረግረግ አይደለም እያለ፣ ምናልባት ረግረግ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ በሌላ ካውንቲ ሌላ ረግረግ እንዲጠበቅ እንደሚያደርግ ቃል ገብቷል። ይህ ሕጋዊ አሠራር መሆኑን አንብቤ ተረድቻለሁ። ያልተረዳሁት ለሳላማንደሮቹ ማን እንደሚነግራቸው ነው። የተወለዱበትን ውሃ ፈልገው የሚመለሱ ፍጥረቶች ስለሆኑ፣ ቢሮዎ የአድራሻ ለውጡን በጊዜ እንዲያሳውቃቸው፣ ካርታም እንዲያድላቸው፣ አውራ ጎዳናውን ሲያቋርጡ ፖሊስ እንዲቆምላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቅሬታዬ ይኸው ነው። የምለምነው ብዙ አይደለም። ያልባረክነው ካባ ተባረከ የሚለው መስመር ከመዝገቡ ይውጣ። ጥናቱ ዝናብ ባለበት ወቅት፣ ፍንዳታ በሌለበት ቀን፣ የኩባንያው ተቀጣሪ ባልሆነ ሰው እንደገና ይደረግ። እስከዚያ ድረስ ድምፅ አይሰጥ። እንደገና ተጠንቶ እውነትም ምንም የለም ከተባለ፣ እኔ ራሴ አዳራሹ መጥቼ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛዬ ለማንበብ እንጂ ለመጸየፍ ስለማይበቃኝ ነው። ኤልቃና ሳይጨምር ሳይቀንስ ይተረጉመዋል። አንድ ቦታ ላይ፣ «እትዬ፣ ይሄ ትንሽ ቱ ማች አይሆንም?» ብሎኝ ነበር። እሱን ደግመህ አጥብቀህ ጻፈው አልኩት።

ማክሰኞ ከድምፁ በፊት ነዋሪ እንደገና ሦስት ደቂቃ ስለሚሰጠው፣ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር በቀጥታ «ነገር ግን» ብለው እንዲጀምሩ ልናለማምዳቸው ሞክረን ነበር። ኤልቃና የኩሽና ሰዓት ይዞ ቤቴ መጣ። ሽማግሌው ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። «ሳልመርቅ እንዴት ነው የምገባው? የሰው ቤት እኮ ነው» አሉ። ሰዓቱ እስኪጮህ ድረስ ቆመው ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ዝምተኛ ነሽ፤ ዝምተኛ ሰው ምርቃት አይበዛበትም። አንቺ ተናገሪ» አሉኝ። ስለዚህ ማክሰኞ የምቆመው እኔ ነኝ። እሳቸው ከእርስዎ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አይናገሩም። ቀና ብለው እንዲያዩዋቸው ግን እጠይቅዎታለሁ፤ ለዚያ ሦስት ደቂቃ እንኳ አያስፈልግም።

በደረቅ ወር ውሃ ፈልጎ ያጣን ሰው ላመነው፣ በፍንዳታ ቀን የተቆጠረውን ስኩዊረል ላጸደቀው፣ የሽማግሌን ሰላምታ ከሙግቱ ቆርጦ በክብር ላስቀመጠው ቦርድዎ የሚገባውን ያህል አክብሮት እያቀረብኩ፣ የማንንም ወሰን ሳላሰፋ፣ የማንንም ሥራ ሳልባርክ፣ ከማክሰኞ በፊት መልስዎን እጠብቃለሁ።

የካውንቲው ግብር ከፋይ፣
ፀሐይነሽ ተገኝ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሦስት ቀን ዘነበ። ኩባንያው የሚቆፍርበትን ወሰን ለማመልከት የተከላቸው ቢጫ ሪባን የታሰረባቸው ችካሎች አሁን እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ናቸው። ከእነሱ በአንዱ ላይ፣ ከውሃው ሥር፣ እንቁራሪት እንቁላሏን ጥላለች፤ በዓይን የሚታይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት እንደ ብርጭቆ የጠራ ክምር ነው። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑ አይደለም። «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚመች፣ ሰው ስንት ዓመት ተደግፎት እንደሚተኛ እኔ ስለማውቅ ነው። ማክሰኞ እጅዎን ሲያነሡ አውቀው ነው የሚያነሡት።